ብስኩት የሚሸጠው ባቡር

በዚህ ወር ስለ ባቡር ላወራችሁ ነው። ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከባቡር ሳይሆን ከብስኩት ነው።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ለአጭር ሥልጠና ጃፓን ከርሞ ሲመለስ ለቢሮው ብሎ አንድ እሽግ ይዞ መጣ። ክብ፣ ቡናማ፣ መዳፍ የሚያህል የሩዝ ብስኩት ነው። ጾም ላይ ስለነበርን የመጀመሪያው ጥያቄ «የጾም ነው?» የሚል ሆነ። ሩዝና የአኩሪ አተር ሶስ ነው ተባልን፤ ተነሣን። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከሁላችንም አፍ እኩል ነው የወጣው። «ይሄ ነገር ረጥቦ የለም እንዴ?» ብስኩት ሲነከስ ቀሽ ማለት አለበት። ይሄኛው ጥርስ ላይ ይለጠጣል። ጨውም በዝቶበታል። ልጁ እስኪበቃው ስቆ ሲያበቃ፣ «ስሙም እኮ እርጥብ ብስኩት ነው። የሚሠራው ደግሞ የባቡር ኩባንያ ነው» አለን።

የባቡር ኩባንያ ለምን ብስኩት ይጋግራል? እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣኛል። ልጁን በምሳ ሰዓት ያዝኩት፤ በእረፍት ቀኑ ከቶኪዮ ወጥቶ በባቡሩ ተሳፍሮበት ነበር። የቀረውን ማታ ማታ እያነበብኩ ጨረስኩት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቾሺ ትባላለች ከተማዋ። ከቶኪዮ በስተምሥራቅ፣ በቺባ አውራጃ ጫፍ፣ የቶኔ ወንዝ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበት ላይ ናት። ከዋና ከተማው በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዓሣ አጥማጅ ናት፤ ከከተማ ወጣ ሲባል ማሳው ሁሉ ጥቅል ጎመን ነው፤ ሶይ ሶስ ደግሞ ከ1600ዎቹ ጀምሮ ይጠመቅባታል። ኢኑቦ በሚባለው አለታማ ጫፏ ላይ በ1874 የተሠራ፣ ብራንተን የተባለ የስኮትላንድ መሐንዲስ የነደፈው፣ ለመርከቦች ብርሃን የሚሰጥ ነጭ ማማ ቆሟል። ከተራሮቹና ከደሴቶቹ በስተቀር በጃፓን የአዲስ ዓመት ፀሐይ ቀድማ የምትታየው እዚያ ነው ስለሚባል፣ በዓመቱ መጀመሪያ ሌሊት ሕዝቡ እየጎረፈ ይመጣል።

ባቡሩ ከከተማዋ ዋና ጣቢያ ተነሥቶ፣ የሶስ ፋብሪካውን አጥር ታክኮ፣ በጎመኑ መሀል አቋርጦ ቶካዋ የምትባል ትንሽ የዓሣ ወደብ ላይ ያቆማል። 6.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ አስቡት፤ ያ ነው በቃ። በዚያች ርቀት ላይ 10 ጣቢያዎች አሉ፣ ጉዞው 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አይዘልም። «ከመስኮት የጎመን ቅጠል የምትቀጥፍ ይመስልሃል» አለኝ ልጁ። ከሐዲዱ ዳር ያሉት ቅርንጫፎች መስተዋቱን እየቧጨሩት ያልፋሉ አለ።

የመጀመሪያው ባቡር ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 1913 ነው። ያኔ ኤሌክትሪክ አልነበረውም፤ እስከ ኢኑቦ ብቻ ይሄዳል፤ የኩባንያው ስምም «የቾሺ ሽርሽር ባቡር» እንደማለት ነበር። ስሙ ሁሉን ይናገራል፤ ሰው ለሽርሽር ይመጣል ብለው ነው የዘረጉት። እንዳሰቡት አልመጣም። አራት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላው፣ በ1917 ተዘጋ። አዘጋጉ ነው የሚገርመው። ዓለም በአንደኛው ጦርነት ላይ ስለነበረች የብረት ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበርና ሐዲዱን ነቅለው ሸጡት። ባቡሩ በሕይወት ከሚያወጣው ገንዘብ ይልቅ ሬሳው የሚያወጣው በለጠ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ኩባንያ መቼ መዘጋት እንዳለበት የምናሰላበት ቀመር ነበር፤ የቾሺዎቹ ያለ ቀመር ደርሰውበታል።

የከተማው ሰዎች ግን አልተዉትም። ሌላ ኩባንያ አቋቁመው በ1923 ሐዲዱን እንደገና ዘረጉ፤ አሁን ዓሣ አጥማጆቹ ያሉበት ቶካዋ ድረስ። በ1925 ኤሌክትሪክ ገባለት። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ሆነው።

ከዚህ መቶ ዓመት ውስጥ እኔ የወደድኳት አንዲት ትንሽ መጎተቻ ሞተር አለች። በ1922 ጀርመን አገር ኤ.ኤ.ጌ. ፋብሪካ ነው የተሠራችው፤ 10 ቶን ብቻ ትመዝናለች። መጀመሪያ በምዕራብ ጃፓን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ትሠራ ነበር፤ በ1941 ቾሺ መጣችና የሶስ ፋብሪካውን ፉርጎዎች መጎተት ያዘች። ፎቶዋን ብታዩ ልጅ የሣላት ባቡር ትመስላለች፤ መሀል ላይ እንደ ስልክ ማነጋገሪያ ሳጥን ያለ ቤት፣ ከፊትና ከኋላ አጭር አፍንጫ። ዛሬም ጡረታ ወጥታ በጋራዡ አጠገብ ቆማለች። የኩባንያው ዕድል ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ አዲስ ነገር አይገዛም። ዛሬ የሚሄዱት ፉርጎዎችም ትልልቅ ኩባንያዎች ተጠቅመው የጣሏቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቶኪዮ ውስጥ ሠርተው፣ ሌላ ደሴት ሄደው እንደገና ሠርተው፣ በሦስተኛ እጅ ቾሺ የደረሱ። እኛ አገር የልብስ ውርስ ከታላቅ ወደ ታናሽ እንደሚወርድ ማለት ነው።

በሐምሌ 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቾሺን ሲደበድቡ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ተቃጠለ። ያንንም ተሻገሩ። በ1948 የዛሬውን ስሙን፣ «የቾሺ ኤሌክትሪክ ባቡር» የሚለውን ያዘ። ከዚያ መኪና መጣ። ወጣቱ ወደ ቶኪዮ ሄደ። በ1960ዎቹ ከ90 ሺህ በላይ የነበረው የከተማዋ ነዋሪ ዛሬ ከ60 ሺህ በታች ነው። የተሳፋሪው ነገር በዚያው ልክ ነው፤ ጠዋት ተማሪዎች፣ ቀን ሐኪም ቤትና ገበያ የሚሄዱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ቅዳሜና እሑድ ጎብኚ።

ወደ ምግብ የገቡት ወደው አይደለም። በ1976 በዓሣ ቅርጽ የሚጋገር፣ ውስጡ ጣፋጭ ባቄላ ያለበት ኬክ ጣቢያ ላይ መሸጥ ጀመሩ፤ በዚያ ሰሞን ስለዚሁ ኬክ የተዘፈነ የልጆች ዘፈን አገሩን አዳርሶት ስለነበር። በ1995 ደግሞ እርጥቡ ብስኩት መጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሩዙ ብስኩት ከእሳት እንደወጣ፣ ትኩስ እንዳለ ሶይ ሶስ ውስጥ ይነከራል። ሶሱን ጠጥቶ ይለሰልሳል። ሩዙን ከገበሬው፣ ሶሱን ከጎረቤት ፋብሪካ። እናቶቻችን ቤት ባለው ነገር ወጥ እንደሚሠሩት ነው የሠሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

በ1990 አንድ የግንባታ ድርጅት ኩባንያውን ገዝቶ ነበር። የድርጅቱ ባለቤትም የባቡሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። የራሱ ድርጅት ሲከስር ሰውየው በባቡሩ ስም እየተበደረ ለራሱ ያውል ጀመር፤ ከ100 ሚሊዮን የን በላይ። ነገሩ ሲጋለጥ ከሥልጣኑ ተነሣ፣ በ2006 ደግሞ ታሰረ። ኩባንያው ግን ዕዳው አንገቱ ላይ ቀረ። ባንኮች አናበድርም አሉ። የመንግሥት ድጎማም ቆመ። ይሄ ሁሉ ሳያንስ የፉርጎዎቹ የግዴታ ምርመራ ቀን ደረሰ፤ በጃፓን ሕግ ፉርጎ በየጊዜው ተፈታትቶ ካልተመረመረ መሄድ አይችልም። ለዚያ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ባቡሩ በሰው ጥፋት ሊቆም ነው፤ ያጠፋው ሰው ደግሞ ሄዷል፤ የቀሩት ሾፌሮች፣ ትኬት ቆራጮችና ብስኩት ጋጋሪዎች ናቸው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና መልሴን ልንገራችሁ፤ ዝም እላለሁ። የመጀመሪያ ትምህርታችን ነው፤ ደንበኛ የሚሞት ነገር አጠገብ መቆም አይወድም። ስለዚህ ቀለም ትቀባላችሁ፣ አዲስ መፈክር ታወጣላችሁ፣ «በአዲስ መልክ» ትላላችሁ።

በኅዳር 2006 የኩባንያው የሒሳብ ክፍል ባልደረባ ድረ ገጻቸው ላይ የጻፈው ግን ከዚህ የራቀ ነው። ፍሬ ነገሩ ባቡሩ እንዳይቆም ብስኩታችንን ግዙን፣ የባቡር መጠገኛ ገንዘብ ማግኘት አለብን የሚል ነው። በቃ። ቅናሽ የለም፣ ሽልማት የለም፣ «ጣፋጩ ብስኩታችን» የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ችግራችን ይሄ ነው፣ እጃችን ላይ ያለው ይሄ ነው።

በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ትእዛዝ ደረሳቸው። ቾሺን በካርታ ላይ እንኳ የማያውቋት ሰዎች ከመላው ጃፓን አዘዙ። ሠራተኞቹ ጋግሮና አሽጎ ማድረስ አቃታቸው። ምርመራው ተከፈለ፣ ፉርጎዎቹ ተመለሱ። በዚያው ሰሞን የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙት እንጨቶች በስብሰዋልና ቀይሩ ብለው አዘው ስለነበር ለእሱም ሌላ መከራ ነበረ፤ ደጋፊዎች ማኅበር አቋቁመው አዋጡ። ባቡሩ አልቆመም።

ይህን ያነበብኩት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አባዬ አዳማ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ፣ ከክርስትና እስከ ሠርግ፣ በእሱ እጅ ነው ያለፈው። በብድር አዲስ የማተሚያ ማሽን በገዛ በዓመቱ ስልኩ ሁሉ ካሜራ ሆነ። እኛ ልጆቹ ምንም አናውቅም ነበር። አንድ ሰኞ በሩ ላይ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ለእኛም ያለን እንደዚያው ነው፤ እድሳት። እናቴ ብቻ ታውቃለች። ማሽኑ ተሸጠ፣ ቤቱ ለሌላ ተከራየ፣ ወረቀቱ ግን ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ እዚያው ነበር። ገበና ነዋ! የቤት ነገር ለጎረቤት አይነገርም። ከዓመታት በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት፣ የእድሩ ሊቀመንበር አባዬን እያየ፣ «አንድ ቀን ብትነግረን ምን ነበረበት? እድሩ እኮ ለሞት ብቻ አልነበረም» ሲለው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አባዬ መልስ አልሰጠም። ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

ቢናገርስ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? እውነቱን ለመናገር አይመስለኝም፤ የስልኩን ነገር ማን ይመልሰዋል? ግን ብቻውን አይሆንም ነበር።

የቾሺውም ቢሆን ተረት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተጮኸ፣ ሰው ደረሰ፣ አበቃ አይደለም። በ2011 ከባሕር መንቀጥቀጡና ከሱናሚው በኋላ ጎብኚ ጠፋ። በጥር 2014 አንድ ባቡር ከሐዲድ ወጣ። መጠገኛ ገንዘቡ እንደገና የለም። ያኔ የተነሡት የከተማዋ የንግድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው፤ በኢንተርኔት መዋጮ ጠይቀው ወደ 5 ሚሊዮን የን የሚጠጋ አሰባሰቡ። በየቀኑ የሚሳፈሩበት ባቡር ነዋ።

እኔን እንደ ባለሙያ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። «ኧረ ድረሱልን» ሁለቴ ሦስቴ ሲባል ሰው ይሰለቻል። እነሱም ይህን ያወቁ ይመስለኛል፤ ከለቅሶ ወደ ቀልድ ተሻገሩ። ከ2012 ጀምሮ ኩባንያውን የሚመሩት ካትሱኖሪ ታኬሞቶ የግብር ሒሳብ አዋቂ ናቸው። ሒሳቡን ሊያስተካክሉ መጥተው ፕሬዚዳንት ሆነው ቀሩ፤ ኋላም የባቡር መንጃ ፈቃድ አውጥተው ራሳቸው ይነዱት ጀመር። በ2018 አንድ የበቆሎ መክሰስ ለገበያ አወጡ፤ ስሙ ማዙይ ቦ ነው። ማዙይ በጃፓንኛ «አይጣፍጥም» ማለት ነው፤ «ነገሩ ተበላሽቷል» ማለትም ነው። የተበላሸው የኩባንያው ሒሳብ ነው እንጂ መክሰሱስ ይበላል። ሥዕሉን የሣለላቸው የታወቀ የአስፈሪ ታሪኮች ሠዓሊ ነው። በበጋ ማታ ፉርጎውን የመናፍስት ቤት ያደርጉትና ሰው ከፍሎ ይጮኽበታል። «ባቡሩን እንዳታስቆሙት» የሚል ፊልምም ሠሩ።

የጣቢያዎቹን ስምም ሸጡ። ይህ ከ2015 ጀምሮ ነው፤ ስሙን መለጠፍ የፈለገ ድርጅት ይከፍላል። ካሳጋሚ-ኩሮሃኤ የሚባል ጣቢያ አላቸው፤ አንድ የፀጉር እንክብካቤ ኩባንያ ገዛውና አንዲት ቃል ለወጥ አድርጎ «ጥቁር ፀጉር ይበቅላል» የሚል ትርጉም እንዲሰጥ አደረገው። መላጣ ወንዶች ፎቶ ለመነሣት ሳይመጡ አይቀሩም ብዬ እገምታለሁ። ዋናው የቾሺ ጣቢያ «ፈጽሞ ተስፋ አንቆርጥም» ተባለ። የመጨረሻው ቶካዋ ደግሞ «እናመሰግናለን»።

ዛሬ ኩባንያው ከትኬት ከሚያገኘው ይልቅ ከምግብ የሚያገኘው ይበልጣል። መምህራኖቻችን ይህን ቢሰሙ ዋና ሥራህ የትኛው ነው ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ባቡሩን ዝጋና ብስኩቱን ጋግር የሚልም አይጠፋም። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ነገር ግን ባቡሩ ከሌለ ብስኩቱን ማን ይገዛዋል? ሰዎቹ የሚገዙት ባቡሩ ነገም እንዲነሣ ነው። ይህን የሚያሳይ ዓምድ ደግሞ የእኛ የሒሳብ መዝገብ ላይ የለም።

ከቢሮው እሽግ ሦስት ብስኩት ተርፎ ነበር፤ ለምኜ ወሰድኩ። እሑድ አዳማ ወርጄ ለአባዬ ከሻይ ጋር አቀረብኩለትና ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ ሐዲዱ ተነቅሎ የተሸጠበትን፣ ሰውየው የተበደረበትን፣ ድረ ገጹ ላይ የተጻፈውን። አባዬ ሲያዳምጥ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ድሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ የለመደው ሳይሆን አይቀርም። ስለ ፎቶ ቤቱ አንድም ቃል አላነሣሁም። እሱም አላነሣም።

ብስኩቱን ነክሶ ብዙ አኘከ።

«ረጥቧል» አለ።

«እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«ጨውም በዝቶበታል።» ሌላውን አነሣና ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ወደ እናቴ ገፋው። «ጽሑፉን ግን የጻፈው የሒሳብ ሠራተኛው ነው ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ የሒሳብ ሠራተኛው።»

«አለቃው ምን አለው?»

ይህን አላነበብኩም ነበር። አላውቅም አልኩት። ግማሹን ብስኩት በልቶ ጨረሰና ጣቱን በሶፍት እየጠረገ፣ «ጎበዝ ነው» አለ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።